በስድስተኛዋ ካርድ ላይ የተጻፈው ቃል

ከሁሩታ ወደ አሰላ የሚጓዘው የጭነት መኪና ገና ከከተማው እንደወጣ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወርዶ ትርፉን ጎማ ቢያወጣ እሱም ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወደ ሁሩታ የሚመለስ ሌላ መኪና አስቁሞ ሁለቱንም ጎማ ጫነና ጎሚስታው ዘንድ ሄደ፤ ተሳፋሪዎቹም እያጉረመረሙ ወርደው በየጥላው ተቀመጡ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ከዲሮ የሚባል የአሰላ ቆዳ ነጋዴ ነበረ። ዕድሜው ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚጠጋ፣ በገበያው የተከበረ ሰው ነው። በዚያ ቅዳሜ ሁሩታ የወረደው ቆዳ ሊገዛ እንደሆነ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሮ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት የፍየል ቆዳ እንኳ ሳይዝ ነበር የሚመለሰው። የሄደበት ጉዳይ በኮቱ የውስጥ ኪስ ተቀምጧል። ምላስ የታመመ ጥርስን እየፈለገ እንደሚነካ ሁሉ፣ የከዲሮም እጅ በየጊዜው ወደዚያ ኪስ ይሄድ ነበር።

ከዲሮ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀናተኛ ግን ነበረ። ሚስቱ ዙቤዳ ከቤት ስትወጣ የአጥሩ እንጨት ጥላ የት ላይ እንደወደቀ ያያል፤ ስትመለስም ጥላው ምን ያህል እንደሄደ ይመለከትና ከማን ጋር እንደቆመች ይጠይቃል። ጠጉሯን ቅቤ የተቀባች እንደሆነ ለማን ነው ይላል፤ ያልተቀባች እንደሆነም ማን እንዳይጠረጥራት ብላ ነው ይላል። የሰፈሩ ሴቶች፣ “ከዲሮ ቢቻለው ሚስቱንም እንደ ቆዳው ጨው ነስንሶ፣ አጣጥፎ፣ ጎተራ ውስጥ ይቆልፍባት ነበር” እያሉ ይስቁበት ነበር። ዙቤዳ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ እየሰጠች፣ ልጃቸውን ኢፍቱን እያሳደገች፣ ላሞቿን እያለበች ኖራለች።

ካለፈው መስከረም ወዲህ ዙቤዳ በአሰላ ላለ አንድ ክሊኒክ በየጠዋቱ ወተት ታስረክብ ጀመር። ወተቱ ሰውነታቸው ለደከመ ሕፃናት የሚሰጥ ነው። ስምንት ሴቶች ያመጣሉ፤ ለእያንዳንዷም ቁጥር ያለበት ካርድ ተሰጥቷታል፤ የዙቤዳ ስድስተኛው ነው። ከዚህ ቀን ሰባት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ፈረንጁ ሐኪም በዚህ ካርድ ጀርባ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈ። ዙቤዳም ደስ ብሏት ለባሏ አሳየችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከዲሮ እንቅልፍ አልወሰደውም።

በመጀመሪያ ቃሉን አሰላ ላለ መርሻ ለሚባል ሾፌር አሳየው። መርሻ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ሲሆን አላውቅም ማለትን ደግሞ ከዚያ ያነሰ ያውቃል፤ ስለዚህ ካርዱን ገልብጦ አይቶ፣ “ቆንጆ ማለት ነው” አለው። ከዲሮ በማግሥቱ ለሚስቱ እውነቱን እስክትናገር ድረስ ወንድሟ ቱሳ ዘንድ፣ ጎበሳ ከተማ እንደሚሰዳት አስታወቃት፤ ቀኑንም እስከ መጪው እሑድ ቆረጠ። ሰኞ ዕለት ዙቤዳ ከክሊኒኩ ስትመለስ እያለቀሰች መጣች፤ ማክሰኞም እንዲሁ። ለምን እንደምታለቅስ ቢጠይቃት አልመለሰችም። ከዲሮም በልቡ፣ ከፈረንጁ ተለይታ ልትሄድ ስለሆነ ነው የምታለቅሰው አለ። ይህ የቅናት ጠባይ ነው፤ ዓይን አለው፣ ያያል፤ ነገር ግን የሚያየውን ሁሉ አስቀድሞ ቆርጦ በጨረሰው ነገር ይተረጉመዋል።

በዚህ ቅዳሜ ካርዱን ደብቆ ወደ ሁሩታ የወረደው ትርጉሙን የአሰላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ለማስነበብ ነበር። እዚያ ሀብተ ማርያም የሚባል የማመልከቻ ጸሐፊ መዝገበ ቃላት አለው። ሀብተ ማርያም መነጽሩን አድርጎ ፈለገና ብዙ ትርጉም አነበበለት፤ የማይዋሽ፣ የማይሰርቅ፣ የማያታልል እያለ ሄዶ በመጨረሻው ላይ፣ “ስለ ሴት ሲነገር፣ በጥንት አባባል፣ ራሷን የጠበቀች፣ ንጽሕት” አለው። ከዲሮ የፊተኞቹን ሁሉ ረሳ፤ የመጨረሻዋ ግን እንደ እሾህ ውስጡ ቀረች።

በጥላው ሥር ተቀምጦ ይህን ሲያብሰለስል ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት መጥቶ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠውና አጠገቡ ተቀመጠ። ስሙ ፈቃደ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ የድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት፣ ሥልጠና ያገኘ ሲሆን እናቱን ለመጠየቅ ሁሩታ ወርዶ ነበር። ስለ ጎማው፣ ስለ መንገዱ፣ ጭላሎ ተራራ ላይ ስለ ተከመረው ደመና ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ ከዲሮ እንግሊዝኛ ታውቃለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ወጣቱ ለሥራው የሚበቃ ያህል እንደሚያውቅ ነገረው።

ከዲሮ ካርዱን አወጣና ቁጥሩ ያለበትን ፊት በመዳፉ ሸፍኖ ጀርባውን አሳየው።

“የአንድ ወዳጄ ነው” አለ። “ሰው ስለ ሚስቱ የጻፈው ነው። እሱ ሰው ማስነበብ አፍሮ እኔን ላከኝ።”

ፈቃደ ጽሕፈቱን ገና ሲያየው ካርዱን አወቀው። መስመሩን በማስመሪያ ያሰመረ፣ በቀይ ቀለም ስድስት ቁጥርን የጻፈ እሱ ራሱ ነበረ። ወተቱን በየጠዋቱ የሚቀበለውም እሱ ነው። ነገር ግን ጨዋ ልጅ ስለሆነ ትልቅ ሰው ማሳፈር አልወደደም፤ ነገሩን ወዳጅ በተባለው ሰው ስም ሊጨርሰው አሰበ።

“ኦነስት ይላል ኦቦ” አለ። “መልካም ቃል ነው። ወዳጅዎ ሊደሰቱበት ይገባል።”

“ሰው ሁሉ መልካም ነው ይለኛል። በምን ላይ ነው የሚነገረው? እስቲ ዝርዝሩን ንገረኝ።”

ፈቃደ አሰብ አደረገና ማስረዳት ጀመረ። ቃሉ በብዙ ነገር ላይ ይውላል አለው። ምስክር ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲናገር ኦነስት ይባላል፤ ነጋዴ የዕቃውን ጉድለት ሳይሸሽግ ሲሸጥ ኦነስት ነው። ሚዛንም፣ ሥራም፣ መልስም እንዲሁ ይባላል። ወዳጅ ለወዳጁ የማይጥመውን እውነት ሲነግረው ኦነስት ልሁንልህ ብሎ ይጀምራል። በእኛ ቋንቋ ሐቀኛ፣ ታማኝ፣ ቅን፣ እውነተኛ እያልን ለየብቻ የምንጠራውን እነሱ በአንድ ቃል ያስሩታል አለ።

“ስለ ሴትስ?”

“ያ የጥንት አነጋገር ነው፤ ዛሬ ማንም እንደዚያ አይጽፍም። ሴትም ሆነች ወንድ፣ ዛሬ ቃሉ አንድ ነው።”

ከዲሮ ራሱን ነቀነቀ። “ይሁን። የጥንቱን ተወው፤ ሐቀኛ ናት፣ ታማኝ ናት ብሎ ጻፈ እንበል። ወዳጄ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ይህ ሰው ታማኝ መሆኗን ከየት አወቀው? እኔ ጎረቤቴን ታማኝ የምለው አብሬው ውዬ፣ አብሬው አድሬ ነው። ሳያውቃት እንዴት ይመሰክርላታል? ካወቃትስ፣ የት አወቃት?”

አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ሰው አስተሳሰብ ተመልከት። ቃሉ ስድብ ቢሆን ይናደድ ነበር፤ ምስጋና ሲሆን ደግሞ ከስድብ የባሰ ሆነበት። ቅናት የገባበት ሰው ሚስቱን ሌላ ሰው ሲያመሰግንለት አይችልም።

“የሚያውቀውማ ወተቷን ነው” አለ ፈቃደ።

“ወተት ይናገራል እንዴ?”

“ለሚጠይቀው ይናገራል። ከብርጭቆ የተሠራ ቀጭን መለኪያ አለን። ወተቱ ላይ ሲጥሉት፣ ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ውሃ የገባበት እንደሆነ ግን ወደ ታች ይሰጥማል። ስምንት ሴቶች አሉ፤ የሰባቱ አንድ ቀን ባይሰጥም ሌላ ቀን ይሰጥማል። ስድስተኛዋ ግን ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልሰጠመባትም። ሐኪሙ መዝገቡን አይቶ፣ ካርዷን በእኔ አስመጥቶ ይህን ቃል ጻፈላት፤ ሌላ ነገር የለውም።”

ከዲሮ የሰማው ግን ሌላ ነገር ነበር። “አለን አልክ? አንተም እዚያ ነህ? ወተቱን የሚቀበላት ማን ነው?”

“እኔ ነኝ” አለ ፈቃደ፤ ጆሮውም ቀላ።

ከዲሮ ወጣቱን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። ነጩን ሸሚዝ አየ፤ በጥንቃቄ የተበጠረውን ጠጉር አየ። እስካሁን ድረስ ቅናቱ ሁሉ ወደ ፈረንጁ ነበር፤ አሁን እንደ ጎርፍ አቅጣጫውን ለውጦ ወደዚህ ልጅ መጣ። በየቀኑ ምን እንደሚላት ጠየቀው። ፈቃደም እንደምን አደርሽ እንደሚላት፣ እሷም አልሐምዱሊላህ ብላ ቅሉን እንደምታስቀምጥ፣ ከዚያ በኋላ የሚመለከተው መለኪያውን ብቻ እንደሆነ መለሰለት። ከዲሮም በዚያ ሰዓት ፀሐይ የት ላይ እንደምትሆን ጠየቀ። ልጁ እየፈራ ይህንንም መለሰ።

“ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል” አለ ከዲሮ።

“እውነት ነው። የጠረጠረም አንዳንድ ጊዜ የገዛ ቤቱን ይመነጥራል፤ ኦቦ ይቅር ይበሉኝ።”

“ስማኝ። እኛ አርሲዎች የሰው ሚስት አናመሰግንም። ሰው የጎረቤቱን በቅሎ ካመሰገነ ሊገዛት ፈልጎ ነው። ሚስቱን ካመሰገነስ?”

ፈቃደ ፈገግ አለ። ከነጋዴው ኮት የሚወጣው የቆዳ ሽታ ሥራውን ይናገር ስለ ነበረ በዚያው ምሳሌ መለሰለት። “አንድ ገዢ ቆዳዎን ዘርግቶ፣ ቢላ አልነካውም፣ የገፈፈው እጅ ይባረክ ቢል፣ ገፋፊውን ሊሰርቅብዎ ነው ይላሉ? ሥራን ማመስገን ሌላ፣ ሰውን መመኘት ሌላ ነው። ወዳጅዎ ሚስታቸውን እንደ በቅሎ ስለሚያስቧት ነው ምስጋናው ዋጋ መጠየቅ የመሰላቸው።”

ከዲሮን ይህ አነጋገር አሳመመው። ፈቃደም፣ ለወዳጅዎ የሚነገር አንድ ክፉ ወሬ አለኝ ብሎ ቀጠለ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ የስድስተኛዋ ወተት በየቀኑ ይሰጥማል አለው። ሰኞ ዕለት መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሦስት ጊዜ እንደሞከረው ነገረው። ሴትዮዋ ውሃ እንዳልጨመረች ምላለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ግን ስቀውባታል። ተሻለች የምትባለው ሦስተኛዋ፣ የተጻፈላት ቃል ቶሎ አረጀ ብላ አላግጣባታለች። በዚህ ጊዜ ሴትዮዋ ፊቷን በሻሿ ሸፍና እያለቀሰች ሄደች። ሐኪሙም በመጪው ሰኞም ከሰጠመ ቃሉን ሠርዞ ካርዱን እንደሚወስድ ተናግሯል።

ከዲሮ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። “ለዚህ ነው ያለቀሰችው?”

“ለዚህ ነው።”

“ማክሰኞም?”

“ማክሰኞም ኦቦ።”

ከመኪናው ወዲያ ተሳፋሪዎች ይስቃሉ፤ እሱ ግን አልሰማቸውም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ውሃውን የጨመረው ወዳጄ ነው” አለ።

ፈቃደ ለምን እንደጨመረ ጠየቀው። ከዲሮም ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተናገረ። እናቱ ወተት ለባዕድ ሲወጣ አንድ ጭልፋ ውሃ ጣል ሳታደርግ አትሰድም ነበር፤ ይህም ላሟን የቡዳ ዓይን እንዳይበላት፣ ጡቷ እንዳይደርቅ ነው። ሚስትየው ግን ይህን ልማድ ገና ስታገባ ጀምራ እምቢ ብላለች። ፈረንጁ ቃሉን ሲጽፍ ወዳጁ ፈራ። የተመሰገነ ነገር ዓይን ይበዛበታል፤ በዚያ ላይ የፈረንጅ ዓይን፣ በዚያ ላይ ሰማያዊ። ስለዚህ ሚስቱ ሻሿን ልታስር ዞር ስትል ቅሉን ከፍቶ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ይጨምርበት ጀመር።

“አንድ ጭልፋ?” አለ ፈቃደ።

“ለፈረንጅ ዓይን አንድ ይበቃል ብዬ ነው? ሁለት ጨመርኩ” አለ ከዲሮ፤ ካለ በኋላም ምን እንዳለ ሰማው። ወዳጅ የተባለው ሰው በዚያች ሰዓት ሞተ።

ፈቃደ አልሳቀበትም። “ኦቦ” አለ ቀስ ብሎ፣ “ዓይን የሚባለውን ነገር እኔ መርምሬው አላውቅም፤ የወንዙን ውሃ ግን በማጉሊያ መነጽር አይቼዋለሁ። ከብት የሚሻገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ውሃ ነው። ውስጡ የሚንቀሳቀሰውን ተሐዋሲ ቢያዩ እጅዎን አይታጠቡበትም። ያ ወተት የሚሰጠው አንገቱን ማቅናት ላቃተው ሕፃን ነው። አፍልተን ባንሰጠው፣ መለኪያም ባይኖረን፣ ሁለቷ ጭልፋ ማንን ትገድል እንደነበረ አላህ ያውቃል። ለላሟ ጡት ብለን የሰው ልጅ እናድርቅ?”

“ይህን አላሰብኩም።”

“እስቲ እኔም ልጠይቅዎ። በእናንተ ዘንድ ለዚህ ቃል የሚቀርበው የትኛው ነው?”

ከዲሮ ጺሙን እየያዘ አሰበ። በመጀመሪያ በኦሮምኛ “ነመ ዱጋ” አለ፤ የእውነት ሰው ማለት ነው። ከዚያ ያ ብቻ እንዳልበቃው ራሱን ነቀነቀና፣ “አማና ነው” አለ። “ሰው አምኖ እጅህ ላይ የጣለው ነገር አማና ነው። ብትበላው አላህ ይጠይቅሃል። ባለቤቱ ባያይህም ይጠይቅሃል።”

“እንግዲያው ከዙቤዳ በር እስከ ሕፃኑ አፍ ድረስ ያ ወተት አማና ነበረ። እሷም ማንም ሳያያት ጠበቀችው።”

“እኔ በላሁት” አለ ከዲሮ። “እሷን ስጠረጥር የከዳሁት እኔ ነኝ።”

ጎማው ተጠግኖ ሲመጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እስከ አሰላ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ።

ከዲሮ ቤቱ ሲገባ ዙቤዳ ልብሷን በጨርቅ ጠቅልላ በሩ አጠገብ አስቀምጣ ነበር፤ በማግሥቱ ወደ ጎበሳ የምትሄድበት እሑድ ነው። ካርዱን አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠና ነገሩን ሁሉ፣ ጭልፋውንም ሳይቀር፣ ነገራት። ይቅር በይኝ፣ ጥቅልሉን ፍቺ አላት። ዙቤዳ ካርዱን አንስታ አገላብጣ ተመለከተችው።

“የኢፍቱ አባት” አለች፣ “ወተቴ የሰጠመ ቀን ላሟ ታማ ይሆን ብዬ ሌሊቱን በረት አድሬያለሁ። እጄን ጠረጠርኩ፤ ቅሉን ጠረጠርኩ። አንተን ግን አልጠረጠርኩም። አሥር ዓመት የጠረጠርከኝ አንተ ስትሆን አንድ ቀን እንኳ አንተን መጠርጠር አልመጣልኝም።”

ከዚያ ዙቤዳ ቃሏን ቆርጣ ተናገረች። ስሜ በክፉ የተነሣው በክሊኒኩ በር ላይ፣ በሰባት ሴቶች ፊት ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነገር ይቅርታ ደጅ የወጣ ስም አይመልስም፤ ሰኞ እዚያው መጥተህ ከተናገርክ ጥቅልሉን እፈታለሁ፣ ካልተናገርክ ግን የምሄደው አንተ ስለ ሰደድከኝ ሳይሆን እኔ ስለ ፈለግሁ ነው አለችው።

እሑድን በጭንቀት ዋለ። የተከበረ ነጋዴ በሴቶች ፊት ቆሞ፣ ቀናሁ፣ የሚስቴን ወተት አበላሸሁ ብሎ መናገር ቀላል አይደለም። ነገር ግን በሩ አጠገብ ያለውን ጥቅልል ባየ ቁጥር ውርደቱ እየቀነሰበት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ከዙቤዳ ጋር ሄደ። ሴቶቹ ቅላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከዲሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ጥፋቱን ተናገረ፤ አላሳጠረም፣ አላለባበሰም። ስምንተኛዋ ሀሊሜ፣ “ባልየውም ካርድ ይሰጠው፤ ዘጠነኛ ሆኖ ውሃ ያቅርብ” ብትል ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ተሻለች ግን አልሳቀችም፤ ወደ ዙቤዳ ጠጋ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት። ፈቃደም የዙቤዳን ወተት ለካ፤ መለኪያው ከፍ ብሎ ቆመ።

ሐኪሙ ሳቁን ሰምቶ ከሕሙማኑ ክፍል ወጣ። ፈቃደ ታሪኩን ሲተረጉምለት ከዲሮ የሐኪሙን ዓይን ይከታተል ነበር። ልቡ እስካሁን ጨርሶ አልበረደለትም፤ ፈረንጁ ዙቤዳን እንዴት እንደሚያያት ሊያይ ይጠባበቅ ነበር። ሐኪሙ ሰምቶ ሲያበቃ ሴቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ተሻለች ሄደና በአክብሮት ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ቃሉን እሠርዛለሁ በማለቱ ይቅርታ ጠየቃት። ተሻለች ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

ሐኪሙ ስድስተኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አያውቅም ነበር። ከመስከረም ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ቁጥርና አንድ መዝገብ ብቻ ነው።

ከዲሮ ወደ ፊት ወጣ። ሚስቱን ባዕድ እንዳያያት አሥር ዓመት የደከመው ሰው እጁን ዘርግቶ፣ “ይህቺ ናት” አለ። “ዙቤዳ ትባላለች። ሚስቴ ናት።”

ከዚያ ቀን ወዲህ የመጣው ጥቅም በሰፈሩ የታወቀ ነው። ሀሊሜና ሌሎቹም ለዓይን የሚጨምሩትን ውሃ ተዉ፤ የአንዳቸውም ላም ጡት አልደረቀም። ክሊኒኩም ወተቱ ስለ ጠራ ከስምንት ሴቶች ወደ አሥራ አራት አሳደገ። ሕፃናቱም ከበፊቱ ፈጥነው ያገግማሉ። ከዲሮም በገበያ የቆዳውን ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጥፎ መሸጥን ተወ፤ ገዢዎች አሁን ሳይገልጡ ይወስዱለታል። ማንም ሳያየን የምናደርገው መልካም ነገር መለኪያ እንዳለው፣ ልማድም ከወላጅ ስለ ተወረሰ ብቻ እውነት እንደማይሆን፣ ሚስትም የምትጠበቅ ንብረት ሳትሆን አማና የምትጠብቅ ሰው እንደሆነች ከዚህ እንማራለን።

ቅናቱ ግን ከዲሮን ጨርሶ ለቀቀው ብንል ውሸት ይሆንብናል። አንዳንድ ጠዋት ዙቤዳ ቅሏን ይዛ ስትወጣ ዓይኑ ወደ አጥሩ ጥላ ሊሄድ ይቃጣዋል። በዚህ ጊዜ ፊቱን ያዞርና፣ ስትመለስ ከማን ጋር ቆየሽ በማለት ፈንታ፣ መለኪያው ዛሬ እንዴት ቆመ ብሎ ይጠይቃታል።